የሲስተር ዘውዲቱ ድምፅ

በቆላማዋ የሸሕዲ ከተማ ዕድሜያቸውን በነርስነት ያሳለፉት ሲስተር ዘውዲቱ ባደረባቸው የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ቀብራቸው ላይ ከከተማው ሰው ይልቅ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረደው የቀን ሠራተኛ በዝቶ ነበር። እኔ በላቦራቶሪ ባለሙያነት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ሐዘኔ ከንዴት ጋር ተቀላቅሎብኛልና የምታውቋቸው ሁሉ ይቅር በሉኝ።

በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ሲስተር ሠራተኛው ቀጣሪ ከሚጠብቅበት ሜዳ አይጠፉም ነበር። የጭነት መኪናው ሳይነሣ የእያንዳንዱን ግንባር ይዳስሳሉ፤ ያመመውን ጎትተው ያወርዳሉ። አንድ ባለ እርሻ፣ «ሲስተር፣ ሠራተኛዬን ጨረሱብኝ እኮ!» ቢላቸው፣ «አንተ ሰሊጥህን እይ፤ ሰውየውን ለኔ ተወው» አሉት። ማደሪያ ያጣውን በሽተኛ ቤታቸው ወስደው ያስታምሙ ነበር። ስልክ ደውሎ መድኃኒት እንዲያዙለት ለሚጠይቃቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ «አላውቅም፤ ና ልይህ።»

ከዚያ የስልክ አገልግሎቱ መጣ። አንድ ድርጅት ድምፃቸውን ቀርፆ፣ ለደወለ ሁሉ በሳቸው ድምፅ የሚመልስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሠራ። ሲስተር የፈቀዱት ሐኪም በማይደርስበት በረሃ ላለው ሰው ይጠቅማል ብለው ነው። እውነትም የጠቀማቸው አሉ። ነገር ግን ያ ማሽን «አላውቅም» የምትለዋን ቃል አልተማረም።

ይበልጣል የሚባል የወሎ ልጅ ኮኪት አካባቢ እርሻ ላይ ሳለ ትኩሳት ይዞት ወደዚህ አገልግሎት ደወለ። ውኃ ጠጣ፣ እረፍት አድርግ፣ ይሻልሃል ተባለ። አምኖ ተቀመጠ። ከሳምንታት በኋላ ሆዱ አብጦ፣ ሰውነቱ አልቆ በትራክተር ተጭኖ ወደ ጤና ጣቢያችን መጣ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ገዳዩ ካላዛር ነበር።

«ለምን ዘገየህ?» ብለው ሲስተር ተቆጡት።

«እርስዎ አይደሉም ወይ ይሻልሃል ያሉኝ?» አላቸው።

ሲስተር ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ይበልጣል አልተረፈም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፃቸው ከአገልግሎቱ እንዲወጣ ድርጅቱን ለመኑ። «እያጣራን ነው» ይሏቸዋል። «እኔ ያልዳሰስኩትን ልጅ በኔ አፍ ማን ነው ያዘዘለት?» እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር። መልሱን ሳያገኙ ሞቱ።

አሁን ልመናውን ቤተሰባቸውና እኛ የሥራ ባልደረቦቻቸው ይዘነዋል። አንዳንድ ሠራተኞች ግን «ተዉልን፣ ድምፃቸው ያጽናናናል» ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ በረሃ ውስጥ ታሞ «አይዞህ» የሚል ድምፅ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ይህም ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ።

ሲስተር፣ ትናንት ናፍቆቱ አላስቀምጥ ብሎኝ ወደዚያ ቁጥር ደወልኩ። ያው እርስዎ ነዎት፤ አነጋገርዎ፣ ሳቅዎ፣ ሁሉም አለ። ምን እንዳመመኝ ጠየቀኝ። «ሲስተር ዘውዲቱ እኮ ሞተዋል» አልኩት። «አይዞህ፣ እኔ ደህና ነኝ» አለኝ፣ በእርስዎ ድምፅ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

በሰላም ይረፉ ልልዎ ፈልጌ ነበር፣ ሲስተር። ድምፅዎ ግን ገና ሥራ ላይ ነው።