ለአፍንጫዬ የተቀመጠ ክብሪት

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት አጠገብ ስንኖር፣ ቤታችን ክብሪት እያለ እሳት ከጎረቤት እንጭር ነበር። ክብሪቱ የኔ የአፍንጫዬ ነበራ! የሚጥል በሽታ ነበረብኝ። በወደቅሁ ቁጥር እናቴ ክብሪቱን ከመቀነቷ ፈትታ ትጭርና ጭሱን አፍንጫዬ ስር ትይዛለች። ስነቃ አፍንጫዬ ጥላሸት ለብሶ ሰው ይስቅብኛል፤ እኔም እበግናለሁ። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ታናሽ እህቴ ገል ይዛ እሳት ልትጭር ስትሄድ እኔ መከልከሌ ነበር። የሚወድቅ ልጅ እሳትና ወንዝ አይጠጋም።

ወታደሮች የሰው ከብት መንዳት ሲጀምሩ አባቴ ላሞቹንም እኛንም ይዞ ከጀውሃ ወንዝ በታች ወዳለው በረሃ ወረደ። ቀን ጭሱ፣ ማታ ብርሃኑ እንዳያሳብቅብን እሳት አይነድም፤ እንጀራም ገንፎም የለም። ወተት፣ እርጎና ለጋ ቅቤ ብቻ። እዚያ እያለን በየቀኑ እወድቅ የነበርኩት ልጅ መውደቄ እየራቀ ሄደ። እናቴ ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም።

«ለካ የልጄ ጠላት እሳት ኖሯል!» አለች።

ነገሩ ረገብ ብሎ ቤታችን ስንመለስ ጉልቻውን ነቅላ ጓሮ ጎለተችው። ለደስታውም የማሽላ ገንፎ አገንፍታ አቀረበችልኝ። እስክጠግብ በላሁ። ብዙም ሳልቆይ እንደ ድሮዬ መውደቅ ጀመርኩ። እሷም ጉልቻውን ይበልጥ አራቀችው።

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም! በረሃ ያጣነው እሳት ብቻ ነው እንዴ? ገንፎስ?»

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ማሽላቸውን ሲበሉ እኔ ወተትና ቅቤዬን ታቅፌ አኮርፍ ነበር። በሽታው ጨርሶ ባይተወኝም መውደቄ ብርቅ ሆነ። በዚያ ክፉ ዘመን ደስተኛ ነበርኩ ብል ሰው ይታዘበኛል፤ ነበርኩ ግን።

አንድ ማለዳ እናቴ ገሉን ለእህቴ ሳይሆን ለእኔ ሰጠችኝ።

«እሳት ጭረሽ ነይ።»

በሩጫ ሄድኩ። ምን ያደርጋል፣ የጎረቤታችን እሳት ጠፍቶ አድሮ ነበር። ባዶ ገሌን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ አየችኝና መቀነቷን ፈትታ ክብሪቱን አወጣች። እኔ አፍንጫዬን ይዤ ወደ ኋላ አልኩ።

«ምን ሆንሽ? ቢስሚላህ በይና እሳቱን አንድጂው» ብላ በእጄ አስያዘችኝ።

ስጭረው አጠገቤ አልቆመችም፤ ላሟን ልታልብ ወጣች።