ባል በጓዳ፣ ሚስት በዒዳ

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ለክረምት ሸዋ ሮቢት ስመለስ፣ ጎረቤታችን እትዬ ስለ ጣሊያን ጊዜ ያጫውቱኝ ነበር። የሀብታም ነጋዴ ሚስት ነበሩ።

ባላቸው ለአርበኞች ጨው ልከዋል ተብለው ይፈለጋሉ። እትዬ ጓዳ ደበቋቸውና “ጀውሃ መንገድ ላይ ሞተውብኛል” ብለው እንደ ሙስሊም መበለት ወግ ዒዳ፣ የሐዘን ወራት፣ ተቀመጡ። ባሏ ሞቶባት ዒዳ የተቀመጠች ሴት ቤት ባዕድ ወንድ ዘው ብሎ አይገባም። ሊፈትሽ የመጣው የጣሊያን ቅጥር ወታደርም ሙስሊም ነበርና ከደጃፍ ቆመ።

“ደግ ሰው ነበሩ አሉ፤ አላህ ይዘንላቸው” ብሎ ተመለሰ።

ወዲያው ከጓዳ፣ “ሰማሽ? ደግ ነበርኩ!” የሚል ድምፅ መጣ።

“አንቱ! መጀመሪያ በደንብ ይሙቱ!” አሏቸው እትዬ።

ይህን ሲነግሩኝ ሽማግሌው ባላቸው አጠገባችን ተቀምጠው ይስቁ ነበር።