ሦስት መሥራቾች

የማዕከሉ አስተባባሪ የማመልከቻ ቅጹን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ «ሁለቱን ሰርዢያቸው። ከፈለግሽ ሠራተኛ አድርገሽ ቅጠሪያቸው፤ መሥራች አንቺ ብቻ ብትሆኚ ይሻላል» አለኝ።

ዲላ ውስጥ አዲስ የተከፈተ የሥራ ፈጠራ ማዕከል ነበር፤ ሰዉ «ኢንኩቤሽን» ነው የሚለው። ለማኅበረሰቡ የሚጠቅም ሐሳብ ያላቸውን ቡድኖች ተቀብሎ ለጥቂት ወራት የሥራ ክፍል፣ ሥልጠናና አማካሪ ይሰጣል። እኔ ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ቆይቼ ነበር። ሌላ በር አልነበረኝም። ቢሆንም ቅጹን መልሼ ገፋሁለት።

«ሦስት ነን» አልኩት።

«አንደኛው አይሰማም። ሴትዮዋም አልተማሩም። ዳኞች ፊት ማን ሊያወራ ነው?»

«ሥራውን የሚያውቀው ያወራል።»

ሴትዮዋ ጎረቤታችን ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ አንጥፈው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው ሲለዩ ኖረዋል። ከሥራ ሲመለሱ እናቴ «ግቡ፣ አረፍ በሉ» ስትላቸው ወገባቸውን ይዘው ደጃፋችን ላይ ይቆማሉ እንጂ አይቀመጡም፤ ከተቀመጡ መነሳት ያቅታቸዋል። ሌላው ጓደኛችን አስፋልቱ ዳር የሚሠራ አናጢ ነው። መስማት የተሳነው ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የምልክት ቋንቋ ተምሬ ስለነበር፣ እትዬ በርጩማ ሊያሠሩ ሲሄዱ እንዳስተረጉምላቸው ይዘውኝ ሄዱ። እዚያ ነው ሁሉም የተጀመረው። እሳቸው እንዴት እንደሚቀመጡ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አሳዩት፤ እሱ ጀርባቸውን በሜትር ለካ። ለቡና ለቃሚዎች መቀመጫ የመሥራቱ ሐሳብ የሁለቱ ነው። እኔ መሃል ሆኜ ነው ያስተላለፍኩት። እንዴት አድርጌ ነው የምሰርዛቸው?

ከአዲስ አበባ የሚመላለሱት፣ ኋላ አማካሪያችን የሆኑት ሰው ቅጹን አይተው ነገሩን ጨረሱት። «ሦስቱም ይግቡ» አሉ። አስተባባሪው ደስ አላለውም፤ ግን ገባን።

የመጀመሪያውን መቀመጫ ስንሠራ ኮራን። መደገፊያ አለው፣ ስፖንጅ አለው፣ ቀለም ተቀብቷል። አማካሪያችን ዞር ዞር ብለው አዩትና፣ «ለእኔ አታሳዩኝ። ለቃሚዎቹ ጋ ውሰዱት» አሉን። መጋዘን ወሰድነው። ሴቶቹ በየተራ ተቀመጡበት፣ በየተራ ተነሱ። ከፍታው ከፍሬው አራቃቸው፤ ጎንበስ ሲሉ ጭራሽ ባሰባቸው። እኔ አፈርኩ። እትዬ ግን ከአናጢው ኪስ ጠመኔ አውጥተው ወለሉ ላይ ሣሉ፦ መቀመጫው ዝቅ ይላል፣ ፍሬው ከፊት ለፊት እግር ባለው ትሪ ላይ ይወጣል። አናጢው ሥዕሉን አይቶ ሳቀ፤ ከዚያ ትሪው ወደ ለቃሚዋ ዘንበል ይበል ብሎ በእጁ ጨመረበት። ማዕከሉ የሰጠን ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ተሳስተን ተመልሰን የምንሠራበት ቦታና ጊዜ።

በመጨረሻው ቀን ቡድኖቹ ዳኞች ፊት ቀርበው ሥራቸውን የሚያስረዱበት አዳራሽ ተዘጋጀ። አስተባባሪው በር ላይ አስቆመኝ።

«ደንቡ አንድ ሰው ያቅርብ ነው የሚለው» አለ።

«ደንቡን አንብቤዋለሁ። እንዲህ የሚል የለበትም» አልኩትና ሦስታችንም ወደ መድረኩ ወጣን።

እትዬ ጌዴኦኛ ጣል እያደረጉ በአማርኛቸው ተናገሩ። ወንበር ሲቀርብላቸው እንቢ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡና ሴቶቹ የሚውሉበትን አቀማመጥ አሳዩ። አናጢው በእጁ አስረዳ፤ እኔ ድምፅ ሆንኩለት። አንድ ዳኛ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የቡድኑ መሪ ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

እትዬ ቀደሙኝ። «ወገብ ሲሆን እኔ፣ እንጨት ሲሆን እሱ፣ ወረቀት ሲሆን እሷ።»

አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አላሸነፍንም። ሽልማቱን የስልክ መተግበሪያ ያቀረቡ ተማሪዎች ወሰዱት፤ ጎበዞች ነበሩ። ለእኛ የምስክር ወረቀት ደረሰን። ሳምንት ሳይሞላ ግን አማካሪያችን ገደብ ከተማ ውስጥ ካለ አንድ የቡና መጋዘን ባለቤት ጋር አገናኙንና አናጢው የሠራቸውን መቀመጫዎች ጭነን ወሰድንለት።

ሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ መቀመጫዎቹ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ሴቶቹ መሬት ላይ ነበሩ። የመጋዘኑ ተቆጣጣሪ፣ «እዚያ ላይ ሲቀመጡ ወሬ ያበዛሉ» አለን። እኔ የሚመለከተውን አለቃ ልፈልግ ስዞር፣ እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አንዱን መቀመጫ እየጎተቱ መሃል ላይ አስቀመጡና ተቀመጡበት።

«እኔ ለቃሚ ነኝ። ና አንሳኝ» አሉት በእርጋታ።

ቆሞ አያቸው። አንዲት ሴት ተነስታ መቀመጫ ወሰደች፤ ከዚያ ሌላዋ። አናጢው ማንም ሳይነግረው የቀሩትን ማደል ጀመረ። ተቆጣጣሪው ወደ በሩ ሄደ። ሴቶቹም መቀመጫዎቹ ላይ ሆነው ወሬያቸውን ቀጠሉ።