የሊቀመንበር ፒትሊክ ቁልፍ

ኤጎን ፒትሊክ የሃርደንሮት ከተማ የጓሮ አትክልት ማኅበር ሊቀመንበር ከሆነ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ለማያውቅ ሰው ሹመቱ ትልቅ ነገር ይመስላል። ስልሳ ሁለት ቁራሽ መሬት፣ በእያንዳንዷ ላይ አንዲት የእንጨት ጎጆ፣ ጥቂት ድንችና ጎመን፣ መሐል ላይ ደግሞ አባላቱ ቢራ የሚጠጡበት አዳራሽ፤ ግዛቱ ይኸው ነው። ደመወዝ የለውም። ያለው የአዳራሹ ቁልፍና አንድ ሜትር ከሃያ አምስት ላይ በቀይ ቀለም የተሰመረበት ዱላ ብቻ ነው። ደንቡ የቁጥቋጦ አጥር ከዚያ በላይ እንዲያድግ አይፈቅድም። ስለዚህ ፒትሊክ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየዞረ የሰው አጥር ይለካል። ሁለት ጣት ያለፈበት ሰኞ ደብዳቤ ይደርሰዋል።

በተረፈው ጊዜ ሰው ይንቃል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከተማ ባቡር ሹፌር ነበር። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ሮጦ ለደረሰ መንገደኛ አንድ ቀን እንኳ በር ከፍቶ አያውቅም ይባላል፤ እሱም አላስተባበለም። ሚስቱ ሮስቪታ እንዴት እንደቻለችው የሚያውቅ የለም። ጎረቤት ይጠይቃታል፣ እሷም ትስቃለች።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚወደው አንድ ነገር ቢኖር የከተማውን የእግር ኳስ ቡድን ነው። የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ የነበረው አባቱ በስድስት ዓመቱ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ወደ ሜዳ ወሰደው። የሃርደንሮት ቡድን የጀርመንን የሊግ ዋንጫ በልቶ አያውቅም። አባትየው ሳንባው አልቆ ሲሞት፣ ቀይና ጥቁር የአንገት ሻርፑን ለልጁ ሰጥቶ "እኔ አላየሁም፤ አንተ ታያለህ" አለው። ከዚያ ወዲህ ፒትሊክ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሜዳው ዳር አንዱን የብረት መደገፊያ ተደግፎ እየቆመ የራሱን ተጫዋቾች ሲሰድብ ኖረ። በሃርደንሮት ይህ ነውር አይደለም፤ ቄሱም ይሳደባሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው፣ የማትታየዋን ላም መርገም የከተማው ልማድ ነው።

ጉዱ የመጣው ባለፈው የውድድር ዘመን ነው። ያ ሽባ ሲባል የኖረ ቡድን ነሐሴ ላይ አሸነፈ፣ መስከረም ላይ አሸነፈ፣ ጥቅምት ሲገባ ከሙኒክ ቡድን ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ሰንጠረዡ አናት ላይ ተገኘ። በዚያው ወር የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ነበር። አጀንዳው አልቆ "ልዩ ልዩ" ላይ ሲደረስ፣ ምክትሉ ኔቭዛት ካራጃ እጁን አወጣ። ኔቭዛት የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ እዚያው ሃርደንሮት ተወልዶ ያደገ፣ ፊቱ ከሳቅ የማይለይ ሰው።

"ምናልባት ዘንድሮ ከቀናን፣ ለመጨረሻው ጨዋታ እዚህ አዳራሽ ትልቅ ቴሌቪዥን ብናስገባስ?"

ፒትሊክ መነጽሩን አወለቀ። "ለእነዚህ? ለእነዚህ አንካሶች ቴሌቪዥን? እነዚህ ዋንጫ ከበሉ፣ ይኸው ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሊቀመንበርነቱን አንተ ትወስዳለህ!"

"ቃል የእምነት ዕዳ ነው፣ አቶ ሊቀመንበር!" አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ብሮክማን አቀርቅረው ይጽፉ ነበር። ፒትሊክ እስክሪብቷቸው ስትንቀሳቀስ አየ።

ሲበተኑ ጸሐፊዋን ጠራቸው። "ያንን የቴሌቪዥን ቅራቅንቦ ከቃለ ጉባኤው ያውጡት። ልዩ ልዩ ላይ የኳስ ወሬ አይጻፍም።"

"እሺ አቶ ፒትሊክ" አሉ። በሳምንቱ ንጹሁን ቅጂ አመጡለት፤ እሱም እንደ ልማዱ ሳያነብ ፈረመ። የሚያነበው ሌላው የፈረመውን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ላይ ነገሩን ናቀው። "በገና ይወድቃሉ" አለ። ገና አለፈ፣ አልወደቁም። "በረዶው ሲቀልጥ ይንሸራተታሉ" አለ። በረዶው ቀለጠ፤ ሙኒክ አንድ ሳምንት ይመራል፣ ሃርደንሮት አንድ ሳምንት። ከተማው አበደ። ጋጋሪው ዳቦውን ቀይና ጥቁር ቀባ፣ ኳስ ክብ መሆኑን የማያውቁ ሁሉ ሻርፕ ጠመጠሙ። ፒትሊክ አርባ አንድ ዓመት የጠበቀው ነገር በደጁ ሲመጣ፣ የተሰማው ፍርሃት ነበር።

ቁልፉ! ኔቭዛት በአጥሩ በኩል አልፎ "አቶ ሊቀመንበር፣ ዘንድሮስ?" ባለው ቁጥር፣ ቁልፉን የጠየቀው ይመስለዋል። መጋቢት ላይ ኔቭዛት ሜትር ይዞ የራሱን አጥር ሲለካ አየው። "ይኸው፣ ሥልጣን እየተለማመደ ነው" ብሎ ለሮስቪታ ነገራት። ምስኪኑ ሰውዬ የሚለካው ስምንተኛ ደብዳቤ እንዳይደርሰው ነበር።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። የፒትሊክ የባሰ ነው፤ የሚበላ ነገር በሌለበት ሹመት የሚንገበገብ ሰው። ለአንድ ዱላ ብሎ የአባቱን ሕልም ሸጠ። ሚያዝያ ላይ ቡድኑ በዘጠናኛው ደቂቃ አግብቶ ሲያሸንፍ፣ አጠገቡ የቆመ የማያውቀው ጎልማሳ አቅፎት ሳመው፣ ቢራም አፈሰሰበት። ፒትሊክን ነገሩ እንደ ብርድ መታው፤ ጃኬቱን እየጠረገ ወጣ። ቤት ገብቶ ጋዜጣ ዘረጋና የሙኒኮቹን ቀሪ ጨዋታዎች መቁጠር ጀመረ።

"አጥቂያቸው ጉልበቱ ተሻለው እንዴ?" አለ።

ሮስቪታ ከድንች ልጣጩ ቀና አለች። "ከመቼ ወዲህ ነው አንተ የሙኒክ ሰው ጉልበት የሚያሳስብህ? የኔን ጉልበት በጠየቅክ!"

"ጠላትን ማወቅ ደግ ነው።"

"እየጸለይክለት እኮ ነው፣ ኤጎን። ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።"

ፒትሊክ ጋዜጣውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

የመጨረሻው ቀን ግንቦት ላይ ደረሰ። ሙኒክ በአንድ ነጥብ ይመራል። ሃርደንሮት የሚጫወተው ርቆ ሰሜን ነው፤ እሱ ቢያሸንፍና ሙኒክ አቻ ቢወጣ ዋንጫው የሃርደንሮት ነው። ፒትሊክ ቴሌቪዥን ስለከለከለ፣ አባላቱ ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ሬዲዮ ከበው ተቀመጡ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው፤ በመስኮት ፀሐይ ይገባል፣ ቋሊማው ውጭ ብረት ላይ ያለ ጠባቂ ያርራል። በየሜዳው ያሉት ጋዜጠኞች በየተራ እየተቀባበሉ ይለፈልፋሉ። ሮስቪታ የአማቷን ሻርፕ ከመሳቢያ አውጥታ አንገቷ ላይ ጠምጥማለች። ፒትሊክ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ጨብጧል።

በሰባኛው ደቂቃ ሃርደንሮት አገባ። ሙኒክም እየመራ ነበርና፣ ፒትሊክ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። በሰማንያ ስምንተኛው ላይ ሙኒኮቹ ላይ ተቆጠረ፤ አንድ ለአንድ። አዳራሹ ተናወጠ፣ ወይዘሮ ብሮክማን ወንበር ላይ ወጡ። የሃርደንሮት ጨዋታ በድል አለቀ። የቀረው የሙኒክ ጨዋታ ጭማሪ ደቂቃ ብቻ ነው። በዘጠና አራተኛው ደቂቃ ጋዜጠኛው ጮኸ፤ ለሙኒክ ፍጹም ቅጣት ምት!

ኔቭዛት ዓይኑን ጨፈነ። ሮስቪታ የሻርፑን ጫፍ ነከሰች። ስልሳ ሰው ትንፋሹን ይዞ አንድ ሰው እንዲስት ይለምናል፤ አንድ ሰው ደግሞ እንዲያገባ።

"መታ... በረኛው አወጣው!"

"ምን ዓይነት ደደብ ነው!" ብሎ ጮኸ ፒትሊክ ከሁሉም ቀድሞ። "ወደ ቀኝ አይመታውም ነበር? አንተ የማትረባ!"

ከዚያ ጩኸቱ ሁሉንም ዋጠው። ሰው ተቃቀፈ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ ትልልቅ ሰዎች እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሮስቪታ ግን ሰምታዋለች። አላለቀሰችም፣ አልጨፈረችም፤ ትኩር ብላ አየችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ፒትሊክ ሞቱን በክብር ሊሞት ተነሳ። ወንበር ላይ ወጥቶ ብርጭቆ በማንኪያ መታ። "እኔ ቃሌን የምበላ ሰው አይደለሁም! በጥቅምቱ ስብሰባ በተናገርኩት መሠረት፣ እነሆ ቁልፉ! ኔቭዛት፣ በላ ተረከበኝ!" ብሎ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ።

"የምኑን ቁልፍ?" አለ ኔቭዛት፣ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ።

"የሊቀመንበርነቱን ነዋ! አታስመስል! ዓመቱን ሙሉ ስትጎመጅለት የለም?"

"እኔ? ያንን ዱላ?" ኔቭዛት ሳቁ መጣ። "አቶ ፒትሊክ፣ ያኔ እኮ የቢራ ወሬ ነበር። ይሄን ሥራ ማን ይፈልገዋል ብለው ነው? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመረጥንዎት ሌላ እሺ የሚል ሰው ጠፍቶ ነው።"

"ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፍሯል!"

ወይዘሮ ብሮክማን ከመደርደሪያው መዝገቡን አወረዱ፤ በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሐል መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። "ልዩ ልዩ፤ ምንም አልተነሳም" ብለው አነበቡ። "የኳስ ወሬ አይጻፍም ያሉት እርስዎ ነዎት። ይኸው ፊርማዎ።"

ፒትሊክ ፊርማውን አየ። ጥርት ያለ፣ የሚያምር ፊርማ ነው። ያቺ ፊርማ ከጥቅምት ጀምሮ ከቃሉ ነፃ አውጥታው ነበር፤ የፈረመውን ቢያነብ ኖሮ የዓመቱ ደስታ ሁሉ የእሱም ነበር።

"ሮስቪታ" አለ ዞሮ። ሌላ የሚጠራው ሰው አልነበረውም።

"አባትህ ይሄን ሳያይ ሞተ" አለች። "አንተ እያየህ አላየኸውም። ኤጎን፣ ስለ አባትህ ሻርፕ ስል አዝኜብሃለሁ።"

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ከተማው ሁሉ ወደ አደባባይ እየጎረፈ ነው። ሰዎቹ እየተንጫጩ በበሩ ወጡ። ኔቭዛት ለሮስቪታ ክንዱን ሰጣት፣ እሷም ያዘችው። ደፍ ላይ ስትደርስ አንድ ጊዜ መለስ ብላ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ቁልፍ በአገጯ አሳየችው።

"ቁልፉ አንተ ጋ ነው" አለችው። "ስትወጣ ዝጋው።"

ፒትሊክ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋ፣ ሬዲዮውን አጠፋ፣ ውጭ ያረረውን ቋሊማ ከእሳቱ አንስቶ አስገባ። ከዚያ ቁልፉን አንስቶ ወጣና ደንቡ እንደሚለው ሁለት ጊዜ ቆለፈ።