ኤልቃና ሰንጢ ሲመርጥ

ኤልቃና በሰበታ ሰው ዘንድ በሁለት ነገር ይታወቃል፤ ሰውን በድምፁ ብቻ በመለየቱና ሥጋ በመውደዱ። በአምስት ዓመቱ ኩፍኝ የዓይኑን ብርሃን ወሰደበት። ከወላይታ ሰበታ መጥቶ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረ፣ ከዚያም አንድ ፋብሪካ ለስልክ ማዞሪያ ሥራ ቀጠረውና ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «ሃሎ» ሲል ኖረ። አገባ፣ ወለደ፣ ዳረ፣ ቤት ሠራ። በዚህ ሁሉ ዕድሜው ግን ሥጋ በገዛ እጁ ቆርጦ በልቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእነኤልቃና ዘመዶች ዘንድ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ ማለት ነው፣ ሲደርስ በሬ በጋራ ተገዝቶ ይታረዳል። በበዓሉ ቀን ወንዱ ሁሉ የየራሱን ቢላዋ ይዞ ይቀመጥና ጥሬ ሥጋውን እየቆረጠ ዳጣ በሚባለው የሚያቃጥል ማባያ ይበላል። ኤልቃና ልጅ ሳለ አንድ ጊዜ ሥጋ ሊቆርጥ ሲል ጣቱን ቆረጠ፤ እናቱ ቢላዋውን ቀማችው፤ ቀማችው እንጂ አልመለሰችለትም። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ይቆርጣል፣ እሱ አፉን ይከፍታል። ጉርሻ ደግ ነገር ነው፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲሆን ግን ሰውን ያታክታል። በዚያ ላይ አጉራሹ ታናሽ ወንድሙ ዕዝራ ነው። ዕዝራ ጮማ ጮማውን ለራሱ እያስቀረ ቀዩን ብቻ እንደሚያጎርሰው ኤልቃና ጠንቅቆ ያውቃል።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱን ጠራት።

«ብዙዬ፣ ዘንድሮ የራሴን ቢላዋ ይዤ ነው የምሄደው።»

ብዙነሽ ድንች እየላጠች ነበር፤ አቆመች። «ምን አልክ?»

«የሚታጠፍ። ጥሩ ሰንጢ።»

«ሰንጢ? ኪስ አውላቂ የሚይዘውን? በስተርጅና ልትሸፍት ነው እንዴ?»

«ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም፤ አትስጊ» አላትና በራሱ ቀልድ ራሱ ቀድሞ ሳቀ።

የሚታጠፍ የፈለገው ግን ለጨዋታ አልነበረም። የማይታጠፍ ቢላዋ ገበታ ላይ ሲቀመጥ አንዱ ያነሳዋል፣ ሌላው ገልብጦ ይመልሰዋል፤ ስለቱ ወዴት እንደዞረ የሚያውቀው ዓይን ያለው ብቻ ነው። ታጥፎ ኪስ የሚገባው ግን ስለቱን ደብቆ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሲፈልገው ብቻ ይወጣል። ይህን አስረዳት። ብዙነሽ ተቆጣች፣ አኮረፈች፣ ጸለየችበት፣ በመጨረሻም በአንድ ውል ተስማማች። በበዓሉ ቀን አንዲት ጠብታ ደም ከእጁ ከወጣች ሰንጢው የእሷ ይሆናል፤ የቢላዋ ነገርም በዚያ ቤት ሁለተኛ አይነሳም። ኤልቃና እጇን መታና ውሉ ጸና።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና ኤልቃና አልቸኮለም። መጀመሪያ የውጭ አገር ሰንጢ በቴሌግራም የሚሸጥ አንድ ወጣት ሰበታ ካፌ ድረስ እንዲመጣለት ቀጠረው፤ ብዙነሽም አብራው ሄደች። ወጣቱ ሦስት ውድ ውድ ሰንጢ ጨርቅ ላይ ደረደረና ፊቱን ወደ ብዙነሽ አዞረ።

«እናቴ፣ ለእሳቸው ይሄ ጥቁሩ ያምርባቸዋል። ብረቱ ላይ ያለውን ሞገድ ይመልከቱት እስቲ።»

«ገዢው እኔ ነኝ» አለ ኤልቃና። «ሞገዱን ለእሷ አሳያት፤ ሰንጢውን ለእኔ ስጠኝ።»

የመጀመሪያው ቁልፉ ገና ሲነካ በሞላ ተፈናጥሮ ተከፈተ። ብዙነሽ ከወንበሯ ዘለለች፤ ያ ሰንጢ ያለ ክርክር ተመለሰ። ሁለተኛው፣ ባለሞገዱ፣ እጅ ውስጥ ልክ ነበር፤ ሲከፈት እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው። ኤልቃና ወደደው፤ ለመግዛትም ምንም አልቀረው። ሊዘጋው ሲል ግን መቆለፊያው እጀታው ውስጥ ሆነና አውራ ጣቱን ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ ማሳረፍ ግድ ሆነበት።

«ጋሼ፣ ሰው ሁሉ እኮ እንዲህ ነው የሚዘጋው» አለ ወጣቱ።

«ሰው ሁሉ እያየ ነው የሚዘጋው፣ ልጄ።»

ሦስተኛው መቆለፊያው በጀርባው በኩል ስለሆነ ጣት አያሰጋም። ነገር ግን እጀታው ግራና ቀኙ፣ ሆዱና ጀርባው አንድ ዓይነት ነው፤ ተዘግቶ እጅ ላይ ሲያርፍ ስለቱ በየት በኩል እንደሚወጣ አይናገርም። ኤልቃና አመስግኖ መለሰለት። ወጣቱም ሻዩን ጠጥቶ ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ፤ አልተቀየመም።

ቡራዩ ያለውን ጂሬኛን የጠቆመው የፋብሪካው መካኒክ ተክሉ ነው። ጂሬኛ ብረት የሚቀርጽ የቶርኖ ባለሙያ ነው፤ ከተጣለ ኩሽኔታና ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ በትእዛዝ ሰንጢ ይሠራል። ኤልቃና ነጭ ዘንጉን ይዞ አየር ጤና ወረደ፣ አስኮ ደረሰ፣ ከዚያ ቡራዩ በሚሄደው ታክሲ ተሳፈረ። የሞረድ ድምፅ እየተከተለም በሩን አገኘው።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ጂሬኛ?» ሲል በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ።

«ፈያ! ፈያ! ኮታ፣ ሴና!» ብሎ ከውስጥ ወፍራም ድምፅ እንዲገባ ጋበዘው፤ ወንበር ጎትቶም አስቀመጠው።

ጂሬኛ ስለ ቀለም አላወራም። ፍላጎቱን ሰምቶ ሲጨርስ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር። «በየትኛው እጅ ነው የሚቆርጡት?»

ኤልቃና ቆርጦ ስለማያውቅ መልሱን አያውቀውም። ማፈሩ ፊቱ ላይ ታይቶ መሆን አለበት፤ ጂሬኛ ከጎረቤት ድንች አስመጣና ቢላዋ አስያዘው። በቀኙ ሞከረ፤ ድንቹ ተንከባለለ። በግራው ሲሞክር ግን ቢላዋው ራሱ መንገዱን ያወቀ ያህል ቀጥ ብሎ ወረደ።

«ግራኝ ነኝ?» አለ ኤልቃና ተገርሞ። «በሃምሳ ስድስት ዓመቴ?»

«እንዲያውም ተመቸ» አለ ጂሬኛ። «በግራዎ ይቆርጣሉ፣ በቀኝዎ ይጎርሳሉ።»

ከዚያ የተሠሩ አምስት ሰንጢዎች ፊቱ አስቀመጠለት። ኤልቃና እያንዳንዱን ከጆሮው አጠገብ ከፍቶ ዘጋ። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ደግሞ ከፈተው። «ይሄኛው ያወራል» አለ። ጂሬኛ ሰንጢውን ተቀብሎ ወዘወዘው፣ ወደ ብርሃን አወጣው፣ መነጽሩን አደረገ። ስለቱ የሚዞርበት ፒን ላይ ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ነበር። ሰንጢው የሚኮራበት ሥራው ነው፤ ለሰው ሁሉ ሲያሳየው አንድም ሰው እንከን አላወጣለትም ነበር። እንደ መናደድ አለና ወዲያው በሳቅ ፈነዳ።

የኤልቃናን ሰንጢ ግን እንደ አዲስ ሠራው። መቆለፊያው በጀርባው፣ ጫፉ ክብ ሆኖ የማይወጋ፣ እጀታው በአንድ ጎኑ ለስላሳ ቀንድ፣ በሌላው ሻካራ የወይራ እንጨት፤ ጣት ሲነካው ስለቱ በየት በኩል እንደሆነ ይለያል። ከአጠገቡ ካለው ሥጋ ቤትም ግማሽ ኪሎ አስመጥቶ አለማመደው። ሥጋውን የሚይዘውን እጅ ጣቶቹን አጥፎ፣ የብረቱን ጎን ከጣቱ አንጓ ሳያላቅቅ እንዲቆርጥ አሳየው። «ደግሞ አንድ ነገር ልንገርዎ» አለው። «ሰውን የሚያቆስለው የሰላ ቢላዋ አይደለም፤ የደነዘዘ ነው። ሰው ሲደነዝዝበት ይገፋል፣ ሲገፋ ያመልጠዋል።» ሲኒ ገልብጦም በቂጡ ላይ መሳልን አስተማረው፤ በደንብ የተሳለ ስለት ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው ኤልቃና አንድ ጊዜ ሰምቶ ያዘው።

ሰንጢው ቤት ሲገባ ብዙነሽ «እስከ በዓሉ እኔ ዘንድ ይቀመጣል» አለች። ኤልቃናም የውሉ አካል ነው ብሎ ሰጣት።

የጊፋታ ዕለት ሱሉልታ ዕዝራ ቤት ተሰበሰቡ። ጸሎት ተደረገ፣ ሥጋው ቀረበ፣ ዳጣው በየሳህኑ ተደረገ። ብዙነሽ ሰንጢውን ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ኤልቃና ከፈተው፤ «ጧ» ብሎ ተቆለፈ።

ሥጋውን ያዘ፣ ስለቱን አሳረፈ፣ ሳበ። አልቆረጠም። ደግሞ ሳበ፤ ሥጋው ተላመጠ እንጂ አልለቀቀም። ዕዝራ ወንበሩን ሲያስጠጋ ተሰማው።

«ጋሼ፣ ተወው፤ እኔ ልቁረጥልህ።»

የኤልቃና ልብ ድንግጥ አለ። በዚህ ቀን ካልሆነ መቼም አይሆንም። ገፋ ቢያደርገው ሊቆርጥ ይችላል፤ ግን የጂሬኛን ቃል አስታወሰና እጁን ሰበሰበ። ስለቱን በጥፍሩ ላይ ቀስ ብሎ አስኬደው። ሙልጭ ብሎ ተንሸራተተ። ይህ በሥራ የደነዘዘ አይደለም፤ ሆነ ተብሎ ድንጋይ ላይ የተፈተገ ነው። ሰንጢው ደግሞ ለሦስት ሳምንት በማን ቦርሳ እንደነበር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ብዙነሽ አጠገቡ ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣለች።

«መንገዱ ነው ያደነዘዘው» አለ ኤልቃና ጮክ ብሎ። «ጉድጓዱ ብዛቱ! እስቲ ሲኒ ስጡኝ።»

ሰው ሳቀ። ሲኒው መጣ፤ ገለበጠውና መሳል ጀመረ። ሲጀምር የሚያጓራ ድምፅ ነበረው፤ እየቆየ ቀጠነ፣ ቀጠነና የሹክሹክታ ያህል ሆነ። ኤልቃና ራሱን ነቀነቀ፣ ሰንጢውን በጨርቅ ጠረገ፣ በግራው ያዘው። ጣቶቹን አጥፎ ስለቱን አሳረፈ፣ ሳበም። ሥጋው ያለ ድምፅ ተለየ።

በዳጣ ነክሮ በገዛ እጁ ጎረሰ። ሁለተኛውን ቆረጠ፤ ሦስተኛውን ቆረጠ።

«ደም!» አለ አንድ ሰው።

ብዙነሽ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይኗን ጨፍና ነበር። እንደጨፈነች ተወረወረችና የባሏን ሁለት እጆች ያዘች፤ ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። አሥሩም ደህና ናቸው። እንደገና ዳሰሰች፤ አሥሩም ደህና ናቸው።

«የኔ ነው ባክሽ» አለ ዕዝራ አውራ ጣቱን እየመጠጠ። «እሱን ሳይ የራሴን ረሳሁት።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሳቀው ሁሉ ሲስቅ ብዙነሽ ግን የኤልቃናን እጅ አልለቀቀችም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ «እንዳይቆርጥህ ብዬ ደረጃው ድንጋይ ላይ የፈተግኩት እኔ ነኝ» አለችው።

«አውቄያለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«በዓል አይደል?»

ብዙነሽ ፈገግ አለች። ከዚያ እጁን ለቀቀችና ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «በል» አለችው፣ «ለእኔም ቁረጥልኝ።»

ኤልቃና ሰንጢውን ሥጋው ላይ አሳረፈና እጁ ቆመ። ሠላሳ ዓመት አብረው በልተዋል፤ ይህን ግን ጠይቋት አያውቅም።

«ወፍራም ነው ቀጭን የምትወጂው?» አላት።

«ቀጭን» አለችው ብዙነሽ።