የተነከሰችው ድመትና የጂዛን መንገድ

በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌለውን ሰው ማፈስ በጀመረች ሰሞን፣ ጂዛን አካባቢ ዳማድ አጠገብ አንድ የማንጎ እርሻ ውስጥ እሠራ ነበር። በየመን በኩል በእግሬ ስለገባሁ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ የወሎ ሐይቅ ሰው ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ እሱም ወረቀት የለውም። ሁለታችንም ከአጥሩ አንወጣም።

ከፊል የምንለው የአሠሪያችን እናት ነጭ ድመት ነበረቻቸው። የምመግባት እኔ ስለሆንኩ ከእሳቸው ሌላ የምትቀርበው እኔን ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ባለቤት የሌላቸው ውሾች በአጥሩ ሾልከው ገቡባት። በድንጋይ አባረን ስንደርስ የኋላ እግሯ ተዘልዝሎ፣ ጆሮዋ ተቦጭቆ የውኃ ሞተሩ ሥር ተወሽቃለች። በሽርጤ ጠቅልዬ አወጣኋት።

ከፊሉ መጥቶ ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ ነከሰችው። ደሙን ጠረገና ወደ መኪናው አመለከተኝ።

“ያላ፣ ይዘሃት መኪና ውስጥ ግባ። ጂዛን ሐኪም ጋ እንወስዳታለን።”

ጓደኛዬ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ሳበኝ። “አንተ ልጅ፣ ለድመት ብሎ ጂዛን ድረስ መኪና የሚያስነሳ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ለፖሊስ ሊያስረክብህ ነው!”

እኔም የጠረጠርኩት ይህንኑ ነበር። በቀደም በስልክ ሲያወራ “ሐበሻ” ሲል ሰምቼዋለሁ። ግን እምቢ ብልስ እዚያው አያስይዘኝም? ገባሁ።

መንገድ ላይ ያለው ፍተሻ ጋ ስንደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ከወታደሩ ጋር በሹክሹክታ አወራ። ወታደሩ አጎንብሶ አየኝ፤ ደም የነካውን ሽርጥ አየ፤ ሳቀና በእጁ እለፉ አለ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሳቁ የባሰ አስፈራኝ።

ሐኪሙ የከብት ሐኪም ነው። “አጥብቀህ ያዛት” ብሎኝ መስፋት ጀመረ። ይኼኔ ከፊሉ ስልኩን አውጥቶ ወደ ደጅ ወጣ። አለቀልኝ አልኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ልሩጥ ብል እሮጣለሁ። ግን ብለቃት መርፌው ቆዳዋ ውስጥ እንዳለ ልትዘል ነው። ዐይኔን በሩ ላይ ተክዬ እንደያዝኳት ቀረሁ።

ተመልሶ ገባና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

“እናቴ ናት። እኔን አታምነኝም፤ አንተው ንገራት።”

“እማማ፣ በሕይወት አለች” አልኳቸው በተሰባበረ ዐረብኛ። ማልቀስ ጀመሩ።

እርሻው ስንደርስ ጓደኛዬ የለም። ጨርቁን ጠቅልሎ ማንጎው መሀል ገብቷል። ስጠራው ቆይቶ ወጣና ከላይ እስከ ታች መረመረኝ።

“ምን ቃል አስገብቶህ ነው የመለሰህ? እኔን እንድትጠቁም?”

“ወላሂ፣ ድመቷን ነው ያሳከምናት።”

አላመነኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ በተኛሁበት ክፍል አልተኛም። እኔም ብሆን፣ የከፊሉ መኪና በተነሳ ቁጥር ወደ አጥሩ እጠጋ ነበር። ድመቷ እያነከሰች ዳነች።

ከወራት በኋላ ዕቃ ልገዛ ከአጥሩ ወጥቼ ጂዛን ገበያ ውስጥ ተያዝኩና ወደ አገሬ ተላክሁ። የያዘኝ በመንገዱ የሚያልፍ ፖሊስ ነበር። ለጓደኛዬ በስልክ ስነግረው፣ “ማንም እንዳልላከው በምን አወቅህ?” አለኝ።