አርባ አራት ቁጥር ሸበጥ

እናቴ ሸበጥ ትለዋለች፤ እኔ ነጠላ ጫማ እለዋለሁ፤ የአሰላው ባለሱቅ ደግሞ ሲሊፐር ብሎ ሸጠልኝ። አርባ አራት ቁጥር ነው። የእኔ እግር ሠላሳ ሰባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥራ ከዴራ ወደ አሰላ ስዛወር እናቴ፣ «ብቻሽን መኖርሽ እንዳይታወቅ የወንድ ሸበጥ በርሽ ላይ አስቀምጪ» አለችኝ። አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። የግቢው ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ እንኳ ከሩቅ ሰላም ብለውኝ ይገባሉ። እኔም እሳቸው ጋ አልሄድም፤ ከደጃቸው ትልቅ የወንድ ነጠላ ጫማ ስለማይጠፋ፣ ባለቤታቸው ቤት ናቸው እያልኩ አፍራለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ዶፉን ሲያወርደው በሬ ተንኳኳ። አዴ ዘይነባ ናቸው፤ ሸበጤን በእጃቸው ይዘዋል።

«ጎርፍ ሊወስደው ሲል ደረስኩበት» አሉኝ። «እስከዛሬ እንግዳ አለሽ ብዬ ነው እኮ የማልመጣው፣ ልጄ።»

ከዚያ ገልብጠው አሳዩኝ። ከሥሩ የተለጠፈው የዋጋ ወረቀት እንኳ አልተነሳም።

በእፍረት አንገቴን ደፋሁ። ያኔ ነው እግራቸውን ያየሁት። ያንን የባለቤታቸውን ትልቅ ነጠላ ጫማ ተጫምተው፣ ግማሹ ከኋላቸው ይጎተታል።

«ኧረ ይግቡ» አልኩ ወሬ ለመቀየር። «ባለቤትዎ ግን ጫማቸውን አይፈልጉትም?»

አውልቀው ከእኔው ሸበጥ አጠገብ አስተካክለው አስቀመጡት።

«እሱማ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው» አሉ። «አንቺ ደግሞ አለ ብለሽ ነው ያልመጣሽው?»